ከዳባሬ ላም እስከ ቡና መቁያ፤ በአገራችን ስለ ንግድ አጀማመር አጭር ታሪክ



በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ ከመካከላችን አንዳንዱ ስለ ነገሥታት፣ አንዳንዱም ስለ ጦርነት እንጻፍ የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። እኛ ግን ብዙ ከተከራከርን በኋላ ስለ ንግድ ታሪክ ለመጻፍ ቆረጥን። ነጋዴ በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ ስሙ የሚነሣው አልፎ አልፎ ነው፤ የሚነሣውም አብዛኛውን ጊዜ ቀረጥ ሲከፍል ነው። ይሁን እንጂ የምንለብሰውን ጨርቅ፣ የምንጽፍበትን ደብተር፣ በሻይ የምንጠጣውን ስኳር ወደ ቡሌ ሆራ ያመጣው ንጉሥ ወይም ጄኔራል ሳይሆን ነጋዴ ነው።

ሌላም ምክንያት አለን፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ነው። በ2015 ዓ.ም. በአገሪቱ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆነዋል። ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከመቶው ከ90 የሚበልጡት የት ሄዱ? አንዳንዶቹ ወደ ሻኪሶ ወርቅ ፍለጋ፣ አንዳንዶቹ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ፣ የቀሩትም ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ወላጆቻችን «ተማርና መንግሥት ቤት ግባ» እያሉ አሳድገውናል፤ ምክራቸውም በዘመናቸው ትክክል ነበር። የዛሬው መንግሥት ቤት ግን ይህን ሁሉ ሰው አይችልም። እንግዲህ አባቶቻችን ያለ ደመወዝ እንዴት ሥራ አቋቁመው እንደ ኖሩ መመርመር ለእኛ የመዝናኛ ጉዳይ አይደለም።

የከተማችን ስም ራሱ ስለ ንግድ ይናገራል። ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል የነበረችው ከተማ ዛሬ የምትጠራበት ስም «ሆራ» የሚል ቃል አለው። ሆራ ማለት በኦሮምኛ ከብት የሚጠጣው ጨው ያዘለ ውኃ ነው። በቆላው አገር ጨው ለከብት እንደ ምግብ ስለሚቆጠር፣ ጨው ያለበት ስፍራ ሁሉ የሰውና የከብት መገናኛ፣ መገናኛውም ሲውል ሲያድር ገበያ ይሆናል። ከያቤሎ ወደ ደቡብ ወደ ሜጋ በሚወስደው አገር ኤል ሶድ የሚባል ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጥልቅ ጉድጓድ አለ፤ በአማርኛ ጨው ቤት ይሉታል። ከጉድጓዱ ሥር ጥቁር የጨው ሐይቅ ተኝቷል። ሰዎቹ በገደሉ መንገድ ወርደው፣ በዚያ ዐይንና ቆዳ በሚያቃጥል ውኃ ውስጥ ጠልቀው፣ ከሥሩ ጭቃ የመሰለውን ጨው በእጃቸው እየቆፈሩ ያወጣሉ፤ አህዮችም ተሸክመውት ያንን ገደል ይወጡታል። ይህ ሥራ ከመኪናና ከባንክ በፊት ነበረ፤ ዛሬም አለ። ቆፋሪው፣ ባለ አህያው፣ ገዢውና ወደ ሩቅ ገበያ የሚወስደው ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም ድርሻውን ያውቃል። የንግድ መጽሐፍ «የሥራ ክፍፍል» የሚለው ትምህርት በጨው ቤት ገደል ላይ በዐይን ይታያል።

መነሻ ገንዘብ የሚባለው ነገርስ? ይህንንም ከሩቅ አገር መማር አያስፈልገንም። በቦረናና በጉጂ ዳባሬ የሚባል ልማድ አለ። ብዙ ከብት ያለው ሰው አንዲት የምትታለብ ላም ለሌለው ይሰጣል። ላሚቱ የሰጪው ሆና ትቀራለች፤ ወተቱ ግን የተቀባዩ ነው። ተቀባዩ ልጆቹን ያጠጣል፤ ቅቤውንም ወደ ገበያ ያወጣል። ሰጪውም ከብቱ በአንድ በረት ተሰብስቦ በአንድ በሽታ እንዳያልቅበት በየስፍራው ይበትነዋል። ስለዚህ ዳባሬ ምጽዋት አይደለም፤ ሁለቱም ይጠቀሙበታል። ቡሳ ጎኖፋ የሚባለው ደግሞ ድርቅ ወይም ዝርፊያ ከብቱን ለጨረሰበት ሰው ጎሣው አዋጥቶ እንደ ገና በረት እንዲያቆም የሚያደርግበት ሥርዓት ነው። በዛሬ ቋንቋ የከሰረን ነጋዴ እንደ ገና ማቋቋም ማለት ነው። ባንክ የቤት ካርታ መያዣ ይጠይቃል። የዳባሬ መያዣ የሰው ስም ነው፤ ከብት ተረክቦ በደንብ ያልጠበቀ ሰው ሁለተኛ ላም የሚሰጠው አያገኝም። በእኛ አስተያየት ከሁለቱ መያዣዎች የሚከብደው የኋለኛው ነው።

በደጋው አገር ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። መኳንንቱ ጦርንና ርስትን፣ ካህናቱ ትምህርትን ይዘው፣ ንግድና የእጅ ሥራ ለተናቁት ተተወ። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው በስድብ ስም ይጠሩ ነበር። የነጋዴዎች አለቃ ነጋድራስ ይባል ነበርና ማዕረጉ ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን ነጋድራስ ከሸማችና ከሻጭ ይልቅ ከቀረጥ ጋር የሚውል ሹም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን የሚሳደብ ሰው እንዲታረም የሚያስጠነቅቅ አዋጅ አስነገሩ። አዋጅ ስድብን ወዲያው አያጠፋም፤ ቢሆንም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነገሩን ማንሣታቸው የበሽታውን ክብደት ያሳያል።

በዚያው ዘመን እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ከፈቱ። ሰው ቤቱ እያለ ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ይቆጠር ነበርና ደንበኛ ጠፋ። ንጉሡ መኳንንታቸውን ይዘው ሄደው ከበሉ በኋላ ሒሳባቸውን ከፍለው ለሌላው አርአያ ሆኑ እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ትረካው ለትምህርታችን የሚሆን ቁም ነገር አለው። አዲስ ሥራ የሚከፍት ሰው ዕቃውን ብቻ ማዘጋጀት አይበቃውም፤ ገዢውንም ማስለመድ አለበት። ጥቂት ቀደም ብሎ በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የማርያ ቴሬዛን ብር ከወረቀት ይልቅ ያምን ስለ ነበር ባንኩም በበኩሉ ገዢ የማስለመድ ችግር ገጥሞታል።

ስለ ንግድ ከጻፉት ኢትዮጵያውያን መካከል ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እጅግ የሚያስደንቁ ናቸው። በ1911 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ዐረፉ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። አሳባቸውን በአጭሩ ብንናገር፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት ድካም ይቀበላል፤ ጥሬውን ልኮ የተሠራውን የሚገዛ አገርም ድኻ ሆኖ ይቀራል የሚል ነው። ይህ ከተጻፈ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆነው። በቡሌ ሆራ የቆመ ሰው ወደ አዲስ አበባ ጥሬ ቡና ጭኖ የሚያልፈውን መኪና ሲያይ፣ ጽሑፉ የትናንት ይመስለዋል።

በትንንሽ ከተሞች የችርቻሮ ንግድን ያስለመዱት በብዛት ከየመን የመጡ ዐረቦች ነበሩ። ሽማግሎች ዛሬም ስለ ዐረብ ሱቅ ያወራሉ፤ መርፌ፣ ክብሪት፣ ስኳር፣ ጨርቅ፣ ሁሉም በአንዲት ጠባብ ክፍል። ከእነርሱ ቀጥሎ የጉራጌ ነጋዴዎች ጥቂት ይዘው ጀምረው ሱቅ ወደ ማቆም የደረሱበት ብልሃት ዕቁብ ነው። ዕቁብ ምን እንደ ሆነ ለወላጆቻችን ማስረዳት ድፍረት ይሆናል፤ ሒሳቡን ግን በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ ብናወጣው መልካም ነው። ለምሳሌ 20 ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ በየሳምንቱ 10,000 ብር ይደርሳል። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው 9,500 ብር ያለ ወለድ ተበድሯል ማለት ነው፤ በሃያኛው የደረሰውም ያለ ወለድ አጠራቅሟል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዕጣ ሱቅ ይከፍታል፣ የመጨረሻው ዕጣ ግን ከሣጥን አይሻልም። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዋሱ ባይኖሩ ይህ ሁሉ አንድ ወር አይቆይም ነበር። በአንዳንድ ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ዕጣውን ለቸገረው በትርፍ ይሸጥለታል፤ ይህ ወለድ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ እኛም አልተስማማንም።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት ንግድን በትምህርትና በሕግ ማቋቋም ጀመረ። በ1935 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ፤ በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ታወጀ። ይህ ሕግ ማኅበር እንዴት እንደሚቋቋም፣ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ፣ የከሰረ ሰው ምን እንደሚሆን ወስኖ ስድሳ ዓመት ያህል አገልግሏል። በዚሁ ዘመን በደቡብ መንገድ ከታዩት ነጋዴዎች ስማቸው የሚነሣው አቶ በቀለ ሞላ ናቸው። በላንጋኖ፣ በሻሸመኔ፣ በአርባ ምንጭና በሞያሌ በስማቸው የተጠሩ ሆቴሎች ነበሯቸው። ካርታ ዘርግታችሁ ብትመለከቱ ከተሞቹ ያለ ምክንያት የተመረጡ አይመስሉም፤ መንገደኛ ደክሞት የሚያድርበት ወይም ከጉዞው የሚያርፍበት ስፍራ ላይ ናቸው። መንገዱን ያነበበ ሰው ገበያውን አነበበ ማለት ነው።

በጥር 1966 ዓ.ም. በነጌሌ ቦረና የሰፈረው ጦር በምግቡና በውኃው መበላሸት አምጾ የአብዮቱ መጀመሪያ ሆነ። በአብዮቱም ባንኮችና ትልልቅ ፋብሪካዎች በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የግል ነጋዴ ሊይዘው የሚችለውን ካፒታል ወሰነ፤ ለችርቻሮ 200,000 ብር፣ ለጅምላ 300,000 ብር፣ ለኢንዱስትሪ 500,000 ብር። ከአንድ ዐይነት ሥራ በላይ መያዝም ተከለከለ። ዓላማው ብዝበዛን ማስቀረት ነበር ይባል እንጂ፣ ውጤቱ ማደግን የሚፈራ ነጋዴ መፍጠር ነበር። የተሳካለት ሰው ስኬቱን ይደብቅ ጀመር። ይህን ጠባይ ዛሬም በገበያችን የምናየው ይመስለናል፤ ስለ ትርፉ የሚጠየቅ ሰው «ምን ትርፍ አለ ብላችሁ» ማለቱን ልብ ይሏል። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፤ ነገር ግን ያ መንግሥት ከዚያ በኋላ የቆየው ከአንድ ዓመት ጥቂት አለፍ ላለ ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ ወላጆቻችን በዐይናቸው ስላዩት በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1986 ዓ.ም. ለግል ባንኮች ተፈቀደ፤ በ1990 ዓ.ም. የጥቃቅንና አነስተኛ ሥራዎች መርሐ ግብር ወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. የሥራ ፈጣሪነት ማሠልጠኛ ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ፈጣሪነት ለዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ይሰጥ ጀመር። ይህ ትምህርት ለመቶው ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ለገቡት ጥቂቶች መሰጠቱ ግን ለእኛ የተገላበጠ ነገር ሆኖ ይታየናል። በ2013 ዓ.ም. የተሻሻለው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቀደ። ይህም ሥራው ቢከስር ዕዳው በማኅበሩ ላይ እንዲቀርና የሰውየው ቤት እንዳይወሰድ ይረዳል።

አሁን ወደ ቡናችን እንምጣ። በከተማችን ዙሪያ፣ በቀርጫ፣ በሐምበላ፣ በገላናና በአባያ በኩል የሚበቅለው ቡና ለብዙ ዘመን በራሱ ስም አልተሸጠም፤ ሲዳሞ በሚለው ስም ውስጥ ተጠቅልሎ ይሄድ ነበር። ገበሬው እሸቱን ወይም ጀንፈሉን ለሰብሳቢ፣ ሰብሳቢው ለአቅራቢ፣ አቅራቢው ለላኪ ይሸጣል። በእያንዳንዱ እጅ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ገበሬው የሚያውቀው ግን የመጀመሪያውን ዋጋ ብቻ ነው። በ1981 ዓ.ም. የዓለም የቡና ስምምነት ሲፈርስ፣ ይልቁንም በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ፓውንድ ቡና በዓለም ገበያ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች በወረደ ጊዜ፣ የተጎዳው ይኸው የመጀመሪያው እጅ ነበር።

በ1991 ዓ.ም. በአቶ ታደሰ መስቀላ መሪነት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ34 ማኅበራት ተመሠረተ። ማኅበራቱ በአንድነት ለውጭ ገዢ በቀጥታ መሸጥ ቻሉ፤ በእኛ አገር ያለው የቅሌንሶ ሞኮኒሳ ማኅበርም ቡናው በዚህ ዩኒየን በኩል ባሕር ተሻግሯል። ቀጥሎ የስም ክርክር መጣ። የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲጠይቅ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተሟገተ፤ በ1999 ዓ.ም. ግን በስምምነት ጨረሱ። ከዚህ የምንረዳው፣ ስም ማለት በጆንያ የማይገባ ሀብት መሆኑን ነው። በ2001 ዓ.ም. ቡና በምርት ገበያ በኩል እንዲሸጥ ሲደረግ ዋጋው በግልጽ መታወቁ በጎ ነበር፤ የአንዱ ገበሬ ቡና ከሌላው ጋር ስለሚቀላቀል ግን የየት አገር፣ የማን ቡና እንደ ሆነ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051 ይህን አላልቶ በቀጥታ የመላክን በር ሰፋ አደረገ። ዛሬ «ጉጂ» የሚለው ስም በውጭ አገር ቡና ቤቶች ከረጢት ላይ ተጽፎ ይታያል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የአንድ ፓውንድ ዐረቢካ ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘለን ልናልፈው የማንችለው የ2010 ዓ.ም. ሐዘን አለ። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ከዚያ በፊት የዲላና የቡሌ ሆራ ገበያተኞች በዱቤ ይሸጣጡ ነበር፤ ዱቤ ደግሞ መተማመን ነው። ቤት ሲቃጠል የሚታየው ቤቱ ነው፤ የዱቤ መዝገብ ሲቃጠል ግን ማንም ፎቶግራፍ አያነሣውም። ሽማግሎች በጎንዶሮ ሥርዓት ዕርቅ ካወረዱ በኋላም ብዙ ነጋዴዎች በእጅ በእጅ ብቻ መሸጥን መረጡ።

ታሪኩን ይህን ያህል ካነበብን በኋላ፣ እኛም አንድ አሳብ በወረቀት ላይ ማውጣት ጀመርን። ጥሬውን ልኮ የተሠራውን መግዛት የሚለውን ነገር በትንሹም ቢሆን ለመለወጥ፣ ቡና ቆልቶና ፈጭቶ በከረጢት መሸጥ አሰብን። ሒሳቡን እነሆ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ቡና ሲቆላ ከመቶ ከ15 እስከ 20 ክብደቱን ያጣል፤ ስለዚህ ከፈረሱላው 14 ኪሎ ያህል ይቀረናል። በሩብ ኪሎ ቢታሸግ 56 ከረጢት ይወጣዋል። ጥሬው በኪሎ 100 ብር ቢገዛ፣ የተቆላው ኪሎ ማገዶ፣ ከረጢትና ድካም ሳይቆጠር 121 ብር ያህል ይፈጃል። የገዛበትን ዋጋ በ14 ማካፈል ሲገባው በ17 የሚያካፍል ሰው ሥራው ሞቅ ባለ ቁጥር ይከስራል፤ የከሰረበትንም ምክንያት አያውቅም።

አሳባችንን ለእናቶች ብንነግራቸው ሳቁብን። ከእነርሱ አንዷ «ልጆቼ፣ ቡና ሲቆላ ጢሱ ለእንግዳው ክብር ነው፤ የተቆላ ቡና ማን ይገዛችኋል?» አሉን። እውነታቸውን ነው። በቡሌ ሆራ ለእንግዳ ክብር የሌላ ሰው ቁሌት የሚገዛ ቤት የለም። ስለዚህ ገዢ ብለን ያሰብነውን ሰው ለወጥን፤ በአዲስ አበባና በሞያሌ መንገድ የሚያልፈው ሾፌርና መንገደኛ፣ ሆቴሎች፣ እንዲሁም ከጀበና ርቀው በዶርም የሚኖሩ የቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በሞያሌ የጋራ የድንበር ኬላ ስለ ተከፈተ፣ በዚህ መንገድ የሚያልፈው ሰው ይበዛል የሚል ተስፋ አለን።

ሌላው እንቅፋት ሕጉ ነው። ወደ ውጭ እንዲላክ የተዘጋጀ ቡና በአገር ውስጥ ገበያ እንዳይሸጥ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ያማረውን የታጠበ ቡና ገዝተን መቁላት አንችልም። ለአገር ውስጥ ከተፈቀደው ውስጥ እየለቀምን ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ማውጣት ይኖርብናል። ይህ ደግሞ ከፈረሱላው ላይ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሊያስቀር ስለሚችል፣ ከላይ ያልነው 56 ከረጢት ወደ 46 እና 49 ዝቅ ይላል። አንዳንዶቻችን በዚህ ምክንያት ሥራው አያዋጣም ይላሉ፤ ሌሎቻችን ደግሞ የተለቀመ ቡና ስለሆነ ዋጋውን ከፍ ማድረግ ይቻላል እንላለን።

መነሻ ገንዘቡን ግን ተስማምተንበታል። አሥራ ሁለት ሆነን ዕቁብ ጀምረናል፤ አንድ መምህራችን ዳኛ ለመሆን ፈቅደዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዕጣዎች ለማንም ሳይወጡ ለምጣድ፣ ለሚዛንና ለከረጢት እንዲውሉ ወስነናል። የአዲሱ ዓመት ምርት ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሚሰበሰብ፣ ጥሬውን የምንገዛው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በከረጢቱ ላይ የሚጻፈው ስም ገና አልተቆረጠም፤ ሀገረ ማርያም ይባል የሚሉ አምስት፣ ሆራ ይባል የሚሉ ስድስት ነን፤ አንዲት ጓደኛችን ደግሞ መጀመሪያ ቡናው ይቀመስ ብላ ድምፅዋን ይዛ ቆይታለች።